ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ፦ ከየትኛው ኤርፖርት፣ በየትኛው አውሮፕላን?

የግል አብራሪነት ፈተናን ያለፈ ሰው በማግሥቱ የሚገጥመው ጥያቄ በማሠልጠኛ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ቦታ አልተሰጠውም። ተማሪ በነበረበት ጊዜ አውሮፕላኑን የሚመድብለት ትምህርት ቤቱ ነበር፤ ቀኑን የሚያመቻችለትም፣ ነፋሱ በዝቷል ብሎ በረራውን የሚያስቀረውም አስተማሪው ነበር። አሁን ፈቃዱ በኪሱ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላን ግን የለውም፣ ለመግዛትም አቅሙ አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ ይከራያል። ከየት ይከራይ? ምን ዓይነት አውሮፕላን ይከራይ? እስካሁን ካየሁት፣ በረራን የሚቀጥለውን ሰው በዓመቱ ከሚያቋርጠው ሰው የሚለዩት በአብዛኛው እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው።

ለማብራራት እንዲመች አንድ አካባቢ ብቻ እወስዳለሁ፤ እርሱም ዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ናቸው። የመረጥሁት እኔ ራሴ የምበረው እዚያ ስለ ሆነ፣ ወገኖቻችንም ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በብዛት የሚኖሩበት ስለ ሆነ ነው። ደግሞም በአሜሪካ ውስጥ ለትንንሽ አውሮፕላኖች አስቸጋሪ ከሚባሉት የአየር ክልሎች አንዱ ይኸው ነውና፣ እዚህ መምረጥ የቻለ ሰው ሌላ ቦታ ሲሄድ ብዙም አይቸገርም።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከሰዓት ኪራይ ነው። የሦስት የአራት ትምህርት ቤቶችን ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ዋጋቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ርካሹን ይይዛል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ ኤርፖርቱ ይመረጥ፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑ ይታይ፣ ዋጋው በመጨረሻ ይምጣ። ወር ሁለት ወር ሳይበር የቆየ ሰው እጁ ይዶለዱማል፤ ከሁሉም በፊት የሚዶለዱመው ደግሞ አውሮፕላኑን በነፋስ ውስጥ አስተካክሎ የማሳረፍ ችሎታው ነው። ስለዚህ ዋናው መለኪያ «እዚህ ቦታ ከተመዘገብሁ በወር ስንት ጊዜ በእርግጥ እበራለሁ?» የሚለው ነው። በሰዓት 20 ዶላር የሚቀንስ፣ ነገር ግን በትራፊክ ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ ኤርፖርት፣ ሰውየውን በሦስተኛው ወር ያስቀረዋል።

ወደ ካርታው እንግባ። በሬገን ብሔራዊ ኤርፖርት ውስጥ ያለውን የሬዲዮ መምሪያ ጣቢያ መሐል አድርጎ 30 የባሕር ማይል፣ ማለትም 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያለው ክብ ቢሣል፣ ከመሬት እስከ 18,000 ጫማ ከፍታ የሚደርስ ልዩ የበረራ ደንብ ክልል ይገኛል። ክልሉ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 የሽብር ጥቃት ወዲህ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ለጊዜው ተብሎ ተደነገገ፣ በ2009 ቋሚ ሆነ። ወደዚህ ክልል የሚገባ፣ ከዚህ የሚወጣ ወይም በውስጡ የሚበር አብራሪ አስቀድሞ የበረራ ዕቅድ ማስገባት፣ ፖቶማክ ከሚባለው የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ለእርሱ ብቻ የተሰጠ ባለ አራት አኃዝ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያስታውቅ መሣሪያ) ቁጥር መቀበልና የሬዲዮ ግንኙነቱን ሳያቋርጥ መብረር አለበት። ከዚህም ሌላ፣ ከዚያው ጣቢያ በ60 የባሕር ማይል ውስጥ በእይታ ደንብ፣ ማለትም ውጭውን በዓይኑ እያየ፣ የሚበር አብራሪ ሁሉ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በኢንተርኔት የሚሰጠውን ነፃ ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ሲጠየቅ ማሳየት ይኖርበታል።

በክቡ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጠባብ ክልል አለ፤ ወደ 15 የባሕር ማይል የሚጠጋ ሲሆን፣ ማንነቱ ተጣርቶ የምሥጢር ቁጥር ያልተሰጠው አብራሪ እንዲገባ አይፈቀድለትም። የኮሌጅ ፓርክ ኤርፖርት የሚገኘው በዚህ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ዊልበር ራይት ሁለት የጦር መኮንኖችን ለማሠልጠን የመጣበት ይህ ቦታ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳይዘጋ በማገልገል በዓለም ጥንታዊው ኤርፖርት ነው። ለከተማው ቅርብ ነው፣ በሜትሮ ባቡርም ይደረሳል፤ ታሪኩ ብቻ እንኳ ልብ ይማርካል። ሆኖም ማኮብኮቢያው 2,607 ጫማ ብቻ ነው፤ አዲስ ፈቃድ ላገኘ ተከራይ የማጣራቱ ሂደትና የማኮብኮቢያው ማጠር ተደምረው የሚያደክሙ ናቸው። ለጉብኝት ይሂድበት፤ ለቤት፣ ማለትም ዘወትር ለሚነሣበት ቦታ፣ ግን አይምረጠው።

እውነተኛው ምርጫ በውጨኛው ቀለበት ላይ ካሉት መካከል ነው። ጌተርስበርግ፣ ማናሳስና ሊዝበርግ በልዩ ደንቡ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ፍሬድሪክ፣ ዋረንተንና ስታፎርድ ከክልሉ ውጭ ናቸው። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም በኪስ ላይ ይታያል። ጌተርስበርግ ላይ ሞተር አስነሥቶ የፖቶማክን ተቆጣጣሪ ቁጥር የሚጠብቅ አብራሪ፣ የኪራይ ሰዓቱ ከፊቱ እየቆጠረ ነው። አንድ የበልግ ቅዳሜ ማለዳ፣ አየሩ ጠርቶ አብራሪው ሁሉ በወጣበት ቀን፣ ከመሬት ሳልነሣ 18 ደቂቃ ጠብቄአለሁ፤ ሦስት አሥረኛ ሰዓት መሆኑ ነው። ፍሬድሪክ ላይ ግን የመቆጣጠሪያ ማማውን አነጋግሮ ወዲያው መነሣት ይቻላል። በሌላ በኩል ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ፍሬድሪክ ለመድረስ ሀይዌይ 270ን እስከ መጨረሻው መንዳት የግድ ነው፤ ጌተርስበርግ ግን መንገድ ላይ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከፌርፋክስ ለሚነሣ ሰው ማናሳስ ይቀርባል፣ ምንም እንኳ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሀይዌይ 66 ላይ «ቀረብ ይላል» የሚለው ቃል ትርጉሙን ቢያጣም።

ፍሬድሪክ ከክልሉ ውጭ ነው ሲባል ሰማዩ ሁሉ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ከኤርፖርቱ በስተሰሜን በተራራው ላይ የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ ካምፕ ዴቪድ አለ፤ በላዩ መብረር ዘወትር የተከለከለ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ በዚያ ሲሰነብቱ የተከለከለው ክብ በጣም ይሰፋል። ስለዚህ ከዚያ የሚነሣ አብራሪ ማስጠንቀቂያዎችን ሳያነብ ከቤቱ መውጣት የለበትም።

ቀጥሎ የሚታየው ማኮብኮቢያ ነው። ጀማሪ አብራሪ የሚመለከተው ርዝመቱን ነው፤ እኔ ግን በቅድሚያ አቅጣጫውን እንዲያይ እመክራለሁ። ማናሳስ ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ ረጅሙ 6,200 ጫማ ነው። ሁለቱም ግን ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸውና፣ ነፋሱ ከጎን በመጣ ጊዜ ሁለተኛው መኖሩ አንዳች አይጠቅምም። ፍሬድሪክም ሁለት አለው፤ የእርሱ ግን ይለያያሉ፣ አንደኛው ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሌላኛው ወደ ሰሜን ምዕራብና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያመለክታሉ። ከምዕራብ በ16 ኖት (በሰዓት 16 የባሕር ማይል) የሚነፍስ ነፋስ እንውሰድ። ማናሳስ ላይ በ34 ቁጥር ማኮብኮቢያ (ቁጥሩ አቅጣጫውን ይናገራል፤ 34 ማለት 340 ዲግሪ ገደማ ነው) ለሚያርፍ አብራሪ ከዚህ ውስጥ 15 ኖቱ ከጎን ይመታዋል፤ ይህም የሴስና 172 መመሪያ መጽሐፍ በሙከራ ታይቷል ብሎ ከሚጠቅሰው የጎን ነፋስ ጋር እኩል ነው። በዚያው ሰዓት ፍሬድሪክ ላይ በ30 ቁጥር ማኮብኮቢያ የሚያርፈው የሚገጥመው የጎን ነፋስ 8 ኖት ነው። ያው ቀን፣ ያው ነፋስ፣ ያው አውሮፕላን ሆኖ አንዱ ይበራል፣ ሌላው ከቤቱ ይውላል።

ጌተርስበርግና ሊዝበርግ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ማኮብኮቢያ አላቸው፤ የጌተርስበርጉ 4,202 ጫማ ርዝመትና 75 ጫማ ስፋት፣ የሊዝበርጉ 5,500 ጫማ ርዝመትና 100 ጫማ ስፋት አለው። ጌተርስበርግ የመቆጣጠሪያ ማማ የለውም፤ አብራሪዎች በጋራ የሬዲዮ ሞገድ ላይ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ወደዚህ እታጠፋለሁ» እየተባባሉ ተራቸውን ራሳቸው ይጠብቃሉ። ማማ በሌለበት ኤርፖርት የሠለጠነ አብራሪ ዓይኑ የሰላ፣ ማማ ባለበት የሠለጠነው ደግሞ ምላሱ የሰላ ይሆናል፤ የጎደለውን ለማሟላት ከለመዱበት ወደ ሌላው መሄድ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ወደፊት በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር መሠልጠን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ማናሳስ፣ ሊዝበርግና ፍሬድሪክ አይ ኤል ኤስ የሚባለው በሬዲዮ ጨረር ወደ ማኮብኮቢያ የሚመራ ሥርዓት እንዳላቸው ይወቅ። የአሜሪካ ዜግነት ያላገኘ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ይህን ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደሩን ፈቃድ ማግኘት ስለሚኖርበት፣ ትምህርት ቤቱ በዚያ ሥርዓት የተመዘገበ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። ለተራ ኪራይና ለብቃት ማረጋገጫ በረራ ግን ይህ አያስፈልግም።

ስለ ርዝመቱም ቢሆን የማኮብኮቢያው ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ሙቀቱ ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ነው፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን በባሕር ጠረፍ ካለ ኤርፖርት ከሚነሣው የበለጠ ይንደረደራል። ሙቀትም አየርን ያሳሳል። ጌተርስበርግ ከፍታው 539 ጫማ ብቻ ቢሆንም፣ በሐምሌ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅበት ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ የሚሰማው አየር 3,000 ጫማ ላይ ያለ ያህል ነው። አዲስ የሆነ ሴስና 172 ሙሉ ጭነቱን ይዞ በባሕር ወለልና በ15 ዲግሪ ከ50 ጫማ መሰናክል በላይ ለማለፍ 1,630 ጫማ ያህል እንደሚበቃው መመሪያው ይናገራል። በዚያ የሐምሌ ቀን ከ2,000 ጫማ እንደሚያልፍ መገመት ይገባል፤ ሞተሩ ያረጀ፣ አብራሪው ወር ሙሉ ያልበረረ ሲሆን ደግሞ ሌላም ይጨመርበታል። ኮሌጅ ፓርክን ለቤት አይምረጠው ያልሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ኤርፖርቱ ከተለየ በኋላ፣ በዚያ ውስጥ ማን ያከራያል የሚለው ይመጣል። በረራ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ክለቦችም አሉ። የትምህርት ቤት አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ንብረት አይደለም፤ አንድ ግለሰብ ገዝቶ ለትምህርት ቤቱ ያከራየው ነው፤ ስለዚህ ጥገናው በሁለት ወገን ስምምነት ላይ ይንጠለጠላል። ክለብ በበኩሉ የወር መዋጮ ያስከፍላል፣ የሰዓት ኪራዩ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ አባላቱም ዕቃውን እንደ ራሳቸው ይይዙታል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚበር ሰው መዋጮው ስለሚበላው ትምህርት ቤት ይሻለዋል፤ በወር ሦስት አራት ጊዜ የሚበር ክለብ ይግባ።

ለመመዝገብ ከመፈረም በፊት ግን የአውሮፕላኑን የቀጠሮ ሰሌዳ ለማየት መጠየቅ ይገባል። ማንም ሰው ስለ ዋጋ ይጠይቃል፤ ይህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሚቀጥሉት ሦስት ቅዳሜና እሑዶች በተማሪዎች ተሞልተው ከተገኙ፣ የዚያ አውሮፕላን ዋጋ ነፃም ቢሆን ጥቅም የለውም። ሰሌዳውን አናሳይም የሚል ካለ መልሱ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። የሰዓት ዋጋ ሲነገር የየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በአውሮፕላኖች ውስጥ ሁለት ዓይነት ቆጣሪ ይገኛል። ሆብስ የሚባለው ሞተሩ ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል። ታክ የሚባለው ደግሞ በሞተሩ ዙር የሚመራ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ማለትም መሬት ላይ ሲጠብቅና ለማረፍ ሲወርድ፣ እርሱም ይዘገያል። አንዱ አከራይ በሆብስ 170 ዶላር፣ ሌላው በታክ 190 ዶላር ይጠይቃሉ እንበል። አንድ በረራ በሆብስ 1.3 ሰዓት ቢቆጥር በታክ ወደ 1.1 ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው 221 ዶላር፣ የሁለተኛው 209 ዶላር ይሆናል፤ ርካሽ የተባለው በለጠ ማለት ነው። ቁጥር ለመቀበል መሬት ላይ በሚያስጠብቅ ኤርፖርት ይህ ልዩነት ይሰፋል። ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱ፣ ከተካተተም በሌላ ኤርፖርት የተሞላው በምን ሒሳብ እንደሚተካ መጠየቁም አይዘንጋ።

ሌላው ወጪ የዕለት ዝቅተኛ ክፍያ ነው። ቤተሰቡን ይዞ ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳር ለማደር ያሰበ አብራሪ ከጌተርስበርግ ቢነሣ ርቀቱ 110 የባሕር ማይል አይሞላም፤ በሴስና 172 አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና የቼሳፒክ ድልድይ ወረፋ ሳይቆጠር ሦስት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው። ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ሲመለስ የበረረው ሁለት ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን አከራዩ «አውሮፕላኑ ከኤርፖርቱ ርቆ ለሚቆይበት ለእያንዳንዱ ቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይከፈላል» የሚል ደንብ ካለው ስድስት ሰዓት ሊያስከፍለው ይችላል። ደንቡ ተገቢ ነው፤ አውሮፕላኑ በዚያ ሲቆም ለሌላ አይከራይምና። ማወቅ ያለበት ግን ከመሄዱ በፊት እንጂ ሲመለስ አይደለም።

ስለ አውሮፕላኑ ዓይነት ሲነሣ ክርክሩ የሚያተኩረው በሁለት ቤተሰቦች ላይ ነው፤ ክንፉ ከላይ በሆነው ሴስና 172 እና ክንፉ ከታች በሆነው ፓይፐር ቼሮኪና ዘመዶቹ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረበው ሴስና 172፣ ከ1986 እስከ 1996 ሳይመረት ከቆየበት ጊዜ በቀር እስከ ዛሬ እየተሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪ ማሠልጠኛ ተማሪዎችም ከሚሠለጥኑባቸው ዓይነቶች አንዱ ይኸው ነው። በሁለቱ መካከል ስለ በረራ ጠባይ ብዙ ይባላል፤ ለተከራይ የሚያመጣው ልዩነት ግን ያን ያህል አይደለም። ነዳጁን ሴስናው ከሁለቱም ክንፍ በአንድ ጊዜ መሳብ ይችላል፤ ፓይፐሩ ግን ከግራ ወይም ከቀኝ ብቻ ስለሚስብ አብራሪው በየጊዜው መቀየር አለበት። ሌላው ልዩነት የሚታወቀው እናትን ይዞ ለመብረር በሄዱበት ቀን ነው። ፓይፐር አንድ በር ብቻ አለው፣ እርሱም በቀኝ በኩል ከክንፉ በላይ ነው፤ እናት ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ክንፉ ላይ መውጣት ይኖርባቸዋል። ሴስና በሁለቱም በኩል በር አለው፣ ክንፉም ከፀሐይ ይጋርዳል፣ ታች ያለውን አገርም አይከልልም። ሰው ለማስጎብኘት የሚከራይ ሴስናን ይውሰድ እላለሁ።

ከዓይነቱ ይልቅ ክብደቱ ያሳስባል፤ አራት መቀመጫ ማለት አራት ሰው ማለት አይደለም። በ180 የፈረስ ጉልበት የሚሠራውን ሴስና 172 ኤስ እንውሰድ። ከፍተኛው የመነሻ ክብደቱ 2,550 ፓውንድ ነው። ባዶው ከነመሣሪያው 1,680 ፓውንድ ቢመዝን፣ ለነዳጅ፣ ለሰውና ለሻንጣ 870 ፓውንድ ይቀራል። ነዳጁ ሲሞላ 53 ጋሎን ነው፣ አንዱ ጋሎን 6 ፓውንድ ስለሚመዝን 318 ፓውንድ ይወስዳል። የቀረው 552 ፓውንድ፣ ማለትም 250 ኪሎ ነው። እያንዳንዳቸው 74 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች 296 ኪሎ ናቸው። አይሆንም። በነዳጅ ጋኑ አፍ ውስጥ ግን አንድ ምልክት አለ፤ ነዳጁ እስከዚያ ብቻ ሲሞላ 35 ጋሎን ይሆናል፣ 108 ፓውንድ ይቀንሳል፤ አራቱ ሰዎች ያለ ሻንጣ ለጥቂት ይገባሉ። እንግዲህ አከራዩ አውሮፕላኑን ከበረራ በኋላ እስከ ምልክቱ ያስሞላል ወይስ እስከ አፉ? የሚለው ጥያቄ የቤተሰብ ጉዞ የሚቻል መሆኑን ይወስናል፤ አንዴ የተሞላን ነዳጅ መልሶ መቅዳት አስቸጋሪ ነውና። ባዶ ክብደቱ ከአውሮፕላን አውሮፕላን ስለሚለያይ ስሌቱ የሚሠራው በዚያው በሚከራየው አውሮፕላን ወረቀት ነው።

አሁን ቀስ ብዬ መሄድ የምፈልግበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ የጥገና መዝገቡ። ማንኛውም አውሮፕላን በየ12 ወሩ ዓመታዊ ምርመራ ማለፍ አለበት። አከራዩ አስተማሪ መድቦ የሚያሠለጥንበት ከሆነ በየ100 የበረራ ሰዓቱም ይመረመራል። ትራንስፖንደሩ በየ24 ወሩ ይፈተሻል። መዝገቡን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ደኅና አከራይ ያለ ቅሬታ ያሳያል። ከዚህ ሌላ መንግሥት ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን የታዘዘ የግዴታ ጥገና ሲያወጣ መፈጸሙ በዚያው ይጻፋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች አንድ የፓይፐር ሥልጠና አውሮፕላን ክንፉ በአየር ላይ ተገንጥሎ ሁለት ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ለብዙ የፓይፐር ዓይነቶች የክንፉ ዋና ተሸካሚ የታሰረባቸው የብሎን ቀዳዳዎች በልዩ መሣሪያ እንዲመረመሩ ታዝዟል። ብዙ ሰዓት የበረረ ፓይፐር የሚከራይ ሰው ይህ ምርመራ መደረጉን ይጠይቅ።

የሴስናው የታወቀ ጉዳይ ወንበሩ ነው። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ በሁለት የብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ በሐዲዱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ በሚገባ ሹል ብረት ይቆለፋል። ቀዳዳዎቹ በልተው ሲሰፉ ወይም ብረቱ ሲያልቅ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ በሚነሣበት ቅጽበት ወንበሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መሪውን የያዘ አብራሪም አብሮ ይስበዋል። በዚህ ሳቢያ ሰው ሞቷል፣ የሐዲዱ ምርመራም በግዴታ ጥገና ውስጥ ገብቷል። እኔም ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቦታ፣ ዋጋው ደስ ያሰኘኝን አውሮፕላን ለማየት ሄጄ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ በእግሬ መሬቱን ገፋ ባደርግ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ «ጠቅ» ብሎ ዘለለ። የብልሽት መዝገቡን ስገልጥ ይኸው ነገር በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ተጽፏል፤ ተጠገነ የሚል ፊርማ ግን የለም። አመስግኜ ወጣሁ። አውሮፕላን ማርጀቱ ችግር አይደለም፤ የ40 ዓመት አውሮፕላን በደኅና መካኒክ እጅ አዲስ ያህል ያገለግላል። የሚያስፈራው የተጻፈውን የሚያነብ ሰው መታጣቱ ነው።

ስለ መድን በአጭሩ። አከራዩ «መድን አለን» ሲል የሚናገረው ስለ ራሱ መድን ነው። ተከራዩ አውሮፕላኑን ቢያበላሽ የአከራዩ መድን ድርጅት ለባለቤቱ ከፍሎ ገንዘቡን ለማስመለስ ወደ ተከራዩ ሊዞር ይችላል፤ ከመድኑ በፊት ባለቤቱ ከኪሱ የሚከፍለው የመጀመሪያ መጠንም ብዙ ጊዜ ወደ ተከራዩ ይተላለፋል። ስለዚህ የራሱ ላልሆነ አውሮፕላን የሚገዛ የተከራይ መድን አለ። ሁለት ክፍል አለው፦ አንዱ በሰውና በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት፣ ሌላው በተከራዩት አውሮፕላን ላይ ለሚደርስ ጉዳት። ብዙዎች የመጀመሪያውን ብቻ ገዝተው ሁለተኛውንም የገዙ ይመስላቸዋል። በአንድ ሚሊዮን ዶላር መድን ውስጥ ለአንድ ተሳፋሪ ከ100,000 ዶላር በላይ አይከፈልም የሚል መሥመርም ተደብቆ ሊገኝ ይችላል።

ሁሉም ተስማምቶ ሲገኝ አከራዩ በራሱ አስተማሪ የሙከራ በረራ ያስደርጋል። ይህን እንደ ፈተና ከማየት እንደ ዕድል ማየት ይሻላል፤ በጎን ነፋስ ቀን፣ ወይም ከኋላ ሰው ተጭኖ እንዲሆን ቢጠየቅ አስተማሪው ደስ ይለዋል። ሕጉ ተሳፋሪ ለመያዝ ባለፉት 90 ቀናት ሦስት ጊዜ መነሣትና ማረፍን፣ በየ24 ወሩም ከአስተማሪ ጋር የሚደረግ የክህሎት ግምገማን ይጠይቃል፤ አከራዮች ግን የ90 ቀኑን ወደ 60 ወይም ወደ 30 ቀን ሊያጠብቡት ይችላሉ። ያ ቀን ካለፈ ሌላ የሙከራ በረራ፣ ሌላ የአስተማሪ ክፍያ ይመጣል። በወር አንዴ ለመብረር ላቀደ ሰው የ30 ቀኑ ደንብ ኪራዩን ያስወድድበታል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከእኛ ባህል ጋር ይጋጫል። አብረው የበረሩ ወዳጆች ሲወርዱ «እኔ ልክፈል»፣ «አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» እየተባባሉ ይታገላሉ። በግል ፈቃድ የሚበር አብራሪ ግን ይህን ትግል መሸነፍ አይፈቀድለትም። ሕጉ የነዳጅ፣ የዘይት፣ የኤርፖርትና የኪራይ ወጪን ከተሳፋሪዎቹ ጋር እንዲካፈል ይፈቅድለታል፤ ከራሱ ድርሻ ያነሰ እንዲከፍል ግን አይፈቅድለትም። ከሦስት ሰዎች ጋር በሮ 240 ዶላር ከመጣ አብራሪው ቢያንስ 60 ዶላሩን ከኪሱ ያወጣል፣ ጉዞውም እርሱ ራሱ የሚሄድበት ጉዳይ ያለው መሆን አለበት። በቴሌግራም ቡድን ላይ «ቅዳሜ ኦሽን ሲቲ እበራለሁ፣ ሁለት ቦታ አለ፣ እየተካፈልን» ብሎ መለጠፍም ለሕዝብ አገልግሎት እንደ ማቅረብ ሊቆጠርበት ስለሚችል፣ ግብዣው በሚያውቃቸው ወዳጆቹ ዘንድ ይቅር።